ምድጃ ልገዛ ሄጄ

ወደ ምን አለሽ ተራ የሚሄድ ሰው መንገድ አይጠይቅም፤ ጆሮውን ይከተላል። መጀመሪያ አንድ መዶሻ ይሰማል፣ ቀጥሎ አስር፣ ከዚያ መቁጠር ይተዋል። እኔም በዚያው ድምፅ ተመርቼ ገባሁ፤ የከሰል ምድጃ ልገዛ። ልቤ ግን ሳምንት ሙሉ አማርኛ ያጣሁለት የሕክምና ቃል ላይ ነበር፦ ሰልከስ። አንጎል ላይ የምናያቸው የጎደጎዱ መስመሮች መጠሪያ ነው። «ስንጥቅ» ብዬ ጻፍኩ፤ የተሰነጠቀ ነገር ስለሌለ ሰረዝኩት። «ሽብሽብ» አልኩ፤ እሱ ደግሞ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም አንድ ላይ ይጠቀልላል፤ ሐኪሞች ግን ጉብታውን ጋይረስ ብለው ለብቻው ነው የሚጠሩት።

የሰፈሩ ስም ራሱ ጥያቄ ነው፣ ያውም ለሴት የሚቀርብ። መልሱ መሬት ላይ ተዘርግቷል፦ የተተረተረ በርሜል፣ ኩራዝ የሆነ ጣሳ፣ በረባሶ የሆነ የመኪና ጎማ። አንድ ልጅ ስስ ቆርቆሮ እየረገጠ ጆንያ ውስጥ ይከታል። ሳይጨማደድ አይገባለትም። ሰው እየገፋኝ ቆሜ አየሁት። የራስ ቅላችንም እንደዚያው ጆንያ ነው፤ ከአንጎላችን ቅርፊት ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ከላይ አይታይም፣ እጥፋቱ ውስጥ ተደብቋል።

ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ አዛውንት የመኪና ባሌስትራ እሳት ውስጥ አግለው ይቀጠቅጣሉ።

«አባባ፣ ይሄ ምን ሊሆን ነው?»

«ማረሻ ነዋ! ጫፉ ካልሾለ በሬው ይደክማል እንጂ ትልም አይወጣለትም፣ ልጄ።»

ትልም! መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ የከረምኩት ለዚህ ነው? ሰልከስ እኮ በላቲን ማረሻ የሚያወጣው መስመር ነው። የእኛ ማረሻ ደግሞ አፈሩን አይገለብጥም፣ ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ፤ የሚተወው ጎድጓዳ መስመር ብቻ ነው። ላቲኑም አማርኛውም ከበሬ ኋላ የተገኙ ቃላት ናቸው። የእኛው እንዲያውም ተርፎት ዕቅድንም ትልም ይለዋል፤ ለአንጎል ከዚህ የሚስማማ ቃል አላውቅም።

አንዲት ትልም ደግሞ ሳይንቲስቶችን ስታከራክር ኖራለች። ስሟ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የወጣ፣ ከኋላ የምትገኝ፣ የእይታን ክፍል የምታዋስን ናት። በዝንጀሮ መሰል ዘመዶቻችን ወደ ፊት ቀረብ ትላለች፤ በሰው ወደ ኋላ ተገፍታለች። መቼ ተገፋች? ከአፋር፣ ከሐዳር በተገኘ ቅሪተ አካል ላይ ራልፍ ሆሎዌይና ዲን ፎልክ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳይስማሙ ቀሩ። የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ2000 እ.ኤ.አ. እዚያው አፋር፣ ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ሰላም ግን 3.3 ሚሊዮን ዓመት የጠበቀ የራስ ቅል ነበራት። በጠንካራ ኤክስሬይ ውስጡ ተነሥቶ በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ወጣ፤ ትልሟ ገና ወደ ፊት ነች። ሦስት ዓመት ያልሞላት ሕፃን አንጎሏ ከበሰበሰ በኋላ አጥንቷ መስመሩን ይዞ ቆየ።

ይህን ሁሉ ሳውጠነጥን አዛውንቱ ሥራቸውን ጨርሰው ኖሯል።

«ትገዛለህ ወይስ ታያለህ?»

ገዛሁ።

«እርሻው የት ነው?» አሉኝ፣ ጫማዬን እያዩ።

ምድጃውን ያስታወስኩት ታክሲ ውስጥ ነው። ረዳቱ የማረሻውን ጫፍ አይቶ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ።