የዱባይ ርችትና የዱባይ ዕዳ

ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ መስከረም 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ኪሳራውን ካወጀ ወዲህ የዓለም ገበያ መናወጡን ያልሰማ ባይኖርም፣ በባሕረ ሰላጤው ዳር የተዘረጋችው ይህች የምንኖርባት ዱባይ ተድላዋን ለአንዲት ሌሊት እንኳ ለማስታጐል ሳትፈቅድ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር 11 ቀን፣ ማለት በቅዱስ ሚካኤል በዓል ዋዜማ፣ አንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር የፈሰሰበትን አትላንቲስ ሆቴል 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት በተባለ ግብዣ አስመረቀች። ከባሕሩ ዳር ሰማዩ በርችት ሲቀላ ያየን ሐበሾች፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ቆሻሻዋን አቃጥላ ኅዳርን እንደምታጥን ትዝ ቢለን፣ «እዚያ ጉድፍ ይታጠናል፣ እዚህ ገንዘብ ይታጠናል» ተባብለን ሳቅን።

የከተማው ጋዜጦች በእነዚያ ወራት ከገበያው መውደቅ ባላነሰ ትጋት የጻፉት ግን፣ ይህ ሆቴል ከባሕር አምጥቶ በመስታወት ገንዳው ስላኖረው ዌል ሻርክ ስለተባለው፣ ሳሚ የሚል ስም ስለወጣለት ግዙፍ ዓሣ ነበር። ሆቴሉ ታሞ አግኝቼው አዳንሁት ቢልም፣ ከተሜው «ሳሚ ይለቀቅ» እያለ ሲሟገት ቆይቶ፣ ዓሣው በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ለፍጥረት መራራት በጎ ምግባር ስለሆነ አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ፓስፖርቷ በማዳሟ ቁም ሣጥን የተቆለፈባት፣ ያለ ከፊሏ፣ ማለት ያለ ዋስ አሠሪዋ፣ ፈቃድም ሥራ መለወጥ የማይቻላት አንዲት እኅታችን፣ ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ሆኖ ዴራ ምሳ ስንበላ ዜናውን ብንነግራት፣ እንጀራዋን እንደ ጐረሠች «ዓሣው ከፊል የለውም እንዴ?» ብላ ጠየቀችን፤ የመለሰላትም አልነበረም።

የገበያው መናወጥ ዱባይም ደርሶ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሊረዝም ታስቦ የነበረው የናኺል ኩባንያ ማማ በጥር ወር 2001 ዓ.ም. ሥራው ሲቆም፣ የሌሎቹም ሕንጻዎች ክሬኖች ክንዳቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ። በዚያን ጊዜ ሕግ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ወኅኒ የሚያስወርድ ወንጀል በመሆኑና የመኖሪያ ፈቃድም ከሥራው ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ከሥራው የተሰናበተና የመኪና ወይም የቤት ብድር ያለበት የውጭ አገር ሰው፣ ፈቃዱ ከተሰረዘ በኋላ አገር ለቆ የሚወጣበት 30 ቀን ብቻ ስለሚቀረው፣ መኪናውን በአውሮፕላን ማረፊያው ትቶ ይሸሽ ነበር። ቁልፋቸው እንደ ተሰካ፣ የይቅርታ ማስታወሻ ተለጥፎባቸው ስለተገኙ መኪናዎች ጋዜጦቹ ጻፉ። በየሰፈሩም የበረሃው ትቢያ ሸፍኗቸው፣ ልጆች በጣታቸው ስማቸውን የጻፉባቸው ውድ መኪናዎች ቆመው ማየት ተለመደ።

የመንግሥቱ ኩባንያ ዱባይ ወርልድ ግን፣ ጠቅላላ ዕዳው 59 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ፣ ኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም. አበዳሪዎቹን የስድስት ወር እፎይታ በጠየቀ ጊዜ የቀረበለት የድርድር ጠረጴዛ ነው፤ ታኅሣሥ 5 ቀንም ጐረቤቲቱ አቡዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር ሰጠች። ከዚያ ልክ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ልደትን ለማክበር ስንዘገጃጅ፣ 828 ሜትር የሚረዝመውና እስከዚያች ምሽት ድረስ ቡርጅ ዱባይ ይባል የነበረው ማማ፣ በአቡዳቢው ገዢ በሼክ ኸሊፋ ቢን ዛይድ ስም ቡርጅ ኸሊፋ ተብሎ ተመረቀ። ርችቱ ከአትላንቲሱ አላነሰም።

ለታላላቆቹና ለታናናሾቹ ዕዳ ሁለት ሚዛን መኖሩ እጅግ ያሳዝናል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ በአብዛኛው ከወንጀልነት ወጥቶ በፍትሐ ብሔር የሚታይ ዕዳ የሆነው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው፤ ማማው ከተመረቀ 12 ዓመት በኋላ።