ሻንሲው የአንዱ፣ ቦዲው የሌላው

መኪና ማለት ሻንሲው ነው ወይስ ቦዲው? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ሊብሬ ይዞ መስኮት ፊት የተሰለፈ ሰው ግን ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል።

አሸተን ማርያም የወጣችሁ ዳገቱን ታስታውሳላችሁ። ከላሊበላ ተነስታችሁ 3,000 ሜትር ከፍታን ታልፋላችሁ። አብዛኛው ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነው የሚወጣው። በጥርጊያው ደግሞ ጠንካራ መኪና ከገዳሙ ብዙ ሳይርቅ ይደርሳል፣ የቀረው በእግር ነው። በዚያ አካባቢ ለዓመታት እንግዳ፣ እህልና ሲሚንቶ ሲያመላልስ የኖረ አንድ የማውቀው ሹፌር አለ። መኪናው ከአባቱ የወረሰው 45 ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው። ቶዮታ የ40 ቤተሰብ የሚባሉትን እነዚህን መኪኖች ማምረት ያቆመው በ1984 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ የመጨረሻዋ እንኳ አርባ ዓመት አልፏታል።

ቦዲው ደህና ነው። ችግሩ ከሥር ነው፦ ሻንሲው ከኋላ ባሌስትራ መያዣው ጋ ተሰንጥቆ ሁለት ጊዜ ተበይዷል። ሰውዬው አሁን ከተገለበጠ 75 ፒክአፕ ላይ ሻንሲ አግኝቷል፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ እንዳለ። የአባቱን ቦዲ እዚያ ላይ መጫን ይፈልጋል።

ወልድያ ያገኘኋቸውን አንድ አንጋፋ ባትላሜራ «ጋሼ፣ ይገጥማል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የማይገጥም የለም፤ የማይዝ እንጂ።»

ነገሩን መሬት ላይ በኖራ እየሣሉ አስረዱኝ። የ45ቱ የፊትና የኋላ ጎማ መካከል 2,950 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ75ቱ 2,980። ልዩነቱ ሦስት ሳንቲ ብቻ ነው፤ ጭነት ሳጥኑን ትንሽ ወደኋላ በመግፋት ይጠፋል። በ1999 እ.ኤ.አ. የመጣው 79 ግን 3,180 ስለሆነ እሱ ላይ የድሮውን ቦዲ ማስቀመጥ የአባትን ኮት ለልጅ እንደማልበስ ነው። ቦዲው ሻንሲው ላይ የሚቀመጠው በጎሚኒና በብሎን ነው። የጎሚኒዎቹ ቦታ ስለማይገናኝ የድሮው መያዣ ተቆርጦ አዲስ ይሠራል። መሪው፣ የፍሬን ፔዳሉ፣ ራዲያተሩ ሁሉም ቦታ ይፈልጋሉ። ሻንሲን በአግድም ቆርጦ መበየድ ግን እሳቸው አይነኩትም። ስንጥቅ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው፤ ዲልብ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ትርፉ ግልጽ ነው። ነዳጅ የሚጨርሰው የድሮ ቤንዚን ሞተር ወጥቶ 4.2 ሊትር ናፍጣ ይገባል። የፊቱ ፍሬን ዲስክ ይሆናል። (ተርቦ የሌለው ናፍጣ እዚያ ከፍታ ላይ ጥቁር ጭስ ማውጣቱ አይቀርም፣ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው።)

የብረቱ ነገር ይህ ነው። የወረቀቱ ነገር የባሰ ነው። በእኛ አገር የመኪና ማንነት የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ነው። ሹፌሩ ሁለቱንም ሊቀይር ነው። ታርጋው፣ የሥራ ፈቃዱ፣ የአባቱ ስም ያለበት የውርስ ወረቀት ግን ሁሉም ከአሮጌው ሻንሲ ጋር የታሰሩ ናቸው። የ75ቱን ሊብሬ ይዞ «ቦዲ ቀየርኩ» ቢል ይቀለው ነበር፤ መኪናው ግን በቁርጥራጭነት ስለተሸጠ ሊብሬው አብሮ አልመጣም። የሄደበት አንድ ቢሮ «ጉምሩክ የተከፈለበትን አምጣ» አለው። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ጠጋ ብሎ ከፊት ቀኝ ጎማ አጠገብ ያለውን ቁጥር ቆርጦ አዲሱ ላይ መበየድ እንደሚችል ነገረው። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል።

ይህ ወንጀል ነው፣ መሆንም አለበት። የተሰረቀ መኪና የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ግን ሕጋዊው በር የት እንዳለ ለሰውዬው የነገረው የለም፣ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

ጊዜውን ተመልከቱ። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አሳወቀ። ውሳኔዎቹ የራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ የነዳጅ ወጪያችን ቀላል አይደለም። ነገር ግን ላስታ ውስጥ ሲሚንቶ ጭኖ ዳገት የሚወጣ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ፣ ቻርጅ ማድረጊያውም ጭምር፣ እኔ አላየሁም። ላሊበላ በኮሮና፣ በ2013 እና 2014 ጦርነት፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በሌላ ግጭት ቱሪስቱን ያጣች ከተማ ናት። አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ያለውን ይጠግናል። ሶማሌ ተራ የቆመው በዚሁ ነው።

እንግሊዞች ለብዙ ዓመታት ነጥብ ይቆጥሩ ነበር፦ ሻንሲው 5፣ መሪው፣ ካምቢዮው፣ ጎማ የሚይዙት አክስሎችና ባሌስትራው እያንዳንዳቸው 2፣ ሞተሩ 1። ዋናው ሻንሲ፣ ወይም ከአምራቹ የመጣ ተመሳሳይ አዲስ ሻንሲ፣ ኖሮ ከዋናዎቹ ክፍሎች 8 ነጥብ ያስጠበቀ የድሮ ቁጥሩን ይዞ ይቀጥላል፤ ያላሟላ ምርመራ አልፎ አዲስ ቁጥር ያገኛል። የእኛ ሹፌር በዚያ ሚዛን ይወድቃል፣ ግን መውደቁንና ቀጥሎ የሚያንኳኳውን በር ያውቃል። እኛም ዘንድ የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ፣ ጉምሩክና ፖሊስ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የቁርጥራጩን የግዢ ወረቀት ቢያዩ፣ ብየዳውን ቢመረምሩ፣ ቀረጡን ቢያስከፍሉና አዲስ ቁጥር ቢመቱለት ምን ይጎዳል?

አሸተን ማርያምን ራሷን ቅዱስ ላሊበላ አስጀምሮ ነአኩቶ ለአብ አስፈጸማት ይባላል። የማን ናት ብሎ ሊብሬ የጠየቀ አልሰማሁም።

ቦዲው አሁን ወልድያ አራት በርሜል ላይ ተቀምጧል። ባትላሜራው ወረቀቱ ሳይስተካከል ብሎን አላስርም ብለዋል። ሹፌሩ ማመልከቻውን ለሦስተኛ ጊዜ እያስጻፈ ነው፣ በዚህ ጊዜ የሻንሲውን ፎቶና የግዢውን ደረሰኝ አያይዞ።