አማርኛ የምታውቀው የኢገን ድመት

ከሴንት ፖል ወደ ኢገን በ35ኢ አውራ ጎዳና ስትሄዱ መጀመሪያ የሚሲሲፒን ወንዝ ትሻገራላችሁ። ከዚያ ዛፉ ይበዛል፤ ትንንሽ ሐይቆችም መታየት ይጀምራሉ። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ሰማዩ ላይ አውሮፕላን አይጠፋም። እናቴ ከጎንደር ልትጠይቀን መጥታ ነበር፤ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሁሉንም ታያለች።

«ይኼ ከተማ ነው ወይስ ጫካ?» አለችኝ።

ከተማ ነው አልኳት። ስሙ የመጣው ፓትሪክ ኢገን ከሚባል ሰው ነው፤ የአካባቢው ምክር ቤት የመጀመሪያ ሊቀመንበር ነበር። ዱሮ ገበሬዎች እዚህ ብዙ ሽንኩርት ስለሚያመርቱ ኢገንን «የአሜሪካ የሽንኩርት ዋና ከተማ» ይሏት ነበር። ሽንኩርት ሲነሳ እናቴ ነቃ አለች። «ታዲያ ሽንኩርቱ የት ሄደ?» አሁንማ በቦታው የቫይኪንግስ ቡድን የልምምድ ሜዳ አለ፤ የእህቴም ቤት አለ።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የእህቴን ልጅ ይዘን ወደ ዌስኮት ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ዕድሜዋ 9 ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ታፍራለች። ከአያቷ ጋር ሁለት ሳምንት ኖረው የተነጋገሩት «ደኅና ነኝ»፣ «በላሁ» እና «እሺ» ብቻ ነበር። እናቴ ወደ አገሯ ልትመለስ የቀራት አሥር ቀን ነው።

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ከፍታ ስክራች ላይ መሥራት ጀመረች። ስክራች ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ለልጆች የሠራው የኮድ መማሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ቀረበ፤ በነጻ ነው። ልጆች ረጅም ኮድ አይጽፉም፤ ባለቀለም ቁርጥራጮችን እንደ ሌጎ እየገጣጠሙ አንዲት ብርቱካናማ ድመት እንድትሄድ፣ እንድትዘል፣ እንድትናገር ያደርጋሉ።

«የኔ ቆንጆ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለች እናቴ።

ልጅቷ አየችኝ። «አጎቴ፣ አንተ ንገራት።»

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ እንጀራዬ ኮድ ነው። ግን አፌ ተያዘ። «እማዬ፣ ሉፕ እየሠራች ነው» አልኩ። «ሉፕ ምንድን ነው?» አለችኝ። ዝም። ሙያዬን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ በእንግሊዝኛ ተማርኩ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን እዚህ ሚኒሶታ በእንግሊዝኛ ጨረስኩ። እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬ የተበላሸ ኮምፒውተር መጠገን ይመስላት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድም ቀን ተቀምጬ አስረድቻት አላውቅም።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስክራች ቋንቋ መቀየር ይችላል። ዝርዝሩን ስንከፍት አማርኛ አለ። ነካሁት፤ ቁርጥራጮቹ በፊደል ተጻፉ።

ልጅቷ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀስ ብላ ግን ገባት፦ ቋንቋው ተለወጠ እንጂ ቀለሙና ቅርጹ አልተለወጠም። ሰማያዊው እንቅስቃሴ መሆኑን ታውቃለች፤ ቢጫው መጀመሪያ መሆኑንም ታውቃለች። ትርጉሙን አስቀድማ ስለምታውቅ የቀራት ማንበብ ብቻ ነው። (አማርኛ ለምትማሩ ይህን እመክራለሁ። ከማታውቁት መጽሐፍ ይልቅ የምታውቁትን ጨዋታ ማንበብ ይቀላል።) አንዳንዴ «ለ»ን «ሰ» ብላ ታነባለች፤ አያቷ ታርማታለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱም አንድ ወንበር ላይ ነበሩ።

«ሉፕ ማለት ድግግሞሽ ነው» አልኩ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ደጋግሞ መሥራት።»

እናቴ ሳቀች። «ስፌት ነዋ!»

በልጅነቷ መሶብ ትሰፋ ነበር። ወስፌ፣ አክርማ፣ የተቀለመ አለላ። ጥለቱን በጭንቅላቷ ትቆጥራለች፦ ሦስት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር፣ እንደገና ሦስት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር፣ ዙሩ እስኪያልቅ። ልጅቷ ይህን ሰምታ ድመቷን ስፌት ልታሰፋት ተነሳች። ስክራች መሳያ ብዕር አለው። ቀዩን ሦስት አደረገች፤ ድመቷ ዞረች፤ ዙሩ በሙሉ ቀይ ሆነ።

«ጥቁሩስ?» አለች እናቴ።

ጥቁሩ ከድግግሞሹ ውጭ ተቀምጦ ኖሯል። መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ስሕተት ፍለጋ ግማሽ ቀን የሚያቃጥል ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ። እናቴ በአንድ እይታ አገኘችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሚኒያፖሊስ፣ ባከን ሙዚየም ወሰድኳቸው። ሙዚየሙ የኤሌክትሪክ ነው፤ የመሠረተው ኧርል ባከን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በሚኒያፖሊስ መብራት ጠፋ። በዚያ ጊዜ የልብ ምት የሚያስተካክለው መሣሪያ ከግድግዳ ሶኬት ነበር የሚሠራው። ሐኪሙ ዋልተን ሊልሄይ መፍትሔ ሲጠይቀው ባከን በአራት ሳምንት ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ሠራ። ሐሳቡን ያገኘው ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ነው፤ መጽሔቱ ላይ የነበረው የሙዚቃ ምት የሚቆጥር መሣሪያ ንድፍ ነበር። ይህን ለልጅቷ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። እሷ ዞር ብላ ለአያቷ በአማርኛ ነገረቻት፦ «አያቴ፣ ይኼም ድግግሞሽ ነው። ልብ ውስጥ።»

አሁን የምትፈልገው የሌጎ ሮቦት ውድድር መግባት ነው። ፈርስት ሌጎ ሊግ ይባላል፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሮቦቱ ጠረጴዛ ላይ ለሁለት ደቂቃ ተኩል በራሱ ይሠራል፤ በርቀት የሚነዳው የለም። ልጆቹ ደግሞ ዳኞች ፊት ቆመው ምን እንደሠሩና ለምን እንደሠሩ ያስረዳሉ። እኔ እንደማየው ከባዱ ይህ ነው፤ እሷ ግን ማስረዳቱን ጀምራለች።

እናቴ ጎንደር ከተመለሰች በኋላ ባለፈው እሑድ በስልክ ተያዩ። ልጅቷ ስክሪኑን አሳየቻት። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ብዙ አየች።

«ቀዩን አራት አድርጊው» አለች።

ልጅቷ 3ን አጥፍታ 4 ጻፈች።