እጀታዋ መወዛወዝ ስትጀምር

በዱራሜ ዙሪያ ገጠር ያደገ ሰው የእጅ ፓምፕ ድምፅ ይለያል። ደህና ስትሆን ድምፅዋ አንድ ዓይነት ነው። ልትበላሽ ስትል እጀታዋ ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ መፋጨትም ይሰማል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ይቺ ልትታመም ነው» ትል ነበር። ፓምፗ ከቆመች ጀሪካኑ ወደ ምንጭ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱን የሚወርዱትና ዳገቱን የሚወጡት ደግሞ ሴቶች ልጆች ናቸው። የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ያመልጣቸዋል።

ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ቶርኖ ላይ ስቆም ነው የእናቴ «ሕመም» ምን እንደሆነ የገባኝ። ሁለት ዕቃ ተገጣጥሞ እንዲንቀሳቀስ በመካከሉ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። ከጠበበ አይዞርም፤ ከሰፋ ይወዛወዛል፣ ቶሎም ይበላል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ «30 ሚሊ ሜትር» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ በስንት የሚሊ ሜትር መቶኛ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ እንደሚያልፍም ይጻፋል። ያቺ መቶኛ በጠበበች ቁጥር ዋጋው ይንራል። የቱ ጋ ማጥበቅ፣ የቱ ጋ መልቀቅ እንደሚሻል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማወቅ ያስቸግራል።

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ያደረጉት ይህንኑ ከተጠቃሚው መጠየቅ ነው። በ17 አገሮች 2,700 ገደማ የእጅ ፓምፖችን እየተከታተሉ ምን ተሰበረ፣ መቼ፣ ስንት ቀን ቆመ እያሉ መዘገቡ። ሕንድ ውስጥ በኮይምባቶር በተደረገው ሙከራ ውኃውን የሚገፋው የቆዳ ማሸጊያ በናይትራይል ጎማ ተተካ፤ ጎማው ረጅም ጊዜ ቆየ። በማላዊ ተጀምሮ በኬንያ የዳበረው አፍሪዴቭ፣ ያው በእኛም ገጠር በብዛት የተተከለው፣ እጀታው የሚዞርበት ቦታ ላይ ባለሙያዎች «ቡሽ» የሚሏት የፕላስቲክ ቀለበት ተሰጠው። ቡሿ ትበላለች፤ ግን ርካሽ ናት፣ የመንደር ሰው በአንድ መፍቻ ይቀይራታል። ብረቱ ከሚበላ እሷ ትበላ ነው ነገሩ። እኔ በበኩሌ የማይበላሽ ዕቃ ሠራሁ ከሚል መሐንዲስ ይልቅ እንዲህ ያለውን አምናለሁ።

እኛ መንደር ይህን ሥራ የምትሠራው የውኃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ናት። የልጇን አሮጌ ደብተር ወስዳ ቡሽ የተቀየረበትን ቀን፣ የተገዛበትን ዋጋና የቀየረውን ሰው ትጽፋለች። ባለፈው ጊዜ ከገበያ የመጣችው ቡሽ አልገባ ብላ በሞረድ ተላገች። ባለሙያው ሲመጣ ሴትዮዋ ደብተሩን ገልጣ አነበበችለት፦ የቀድሞዋ ከዓመት በላይ፣ የተሞረደችው አራት ወር። እሱ «ልጆቹ እጀታውን ስለሚያጣድፉት ነው» አለ። እሷም «ልጆቹ ዓምናም እነዚሁ ነበሩ» አለችው።

መልስ አልነበረውም። ያረጀችውን ቡሽ በካሊፐር ለካ፣ አዲሷንም ለካ፣ ቁጥሩን በዚያው ገጽ ጻፈላት። ከእንግዲህ ቡሽ ሲገዛ ያቺ ቁጥር ተይዛ ነው የሚኬደው፤ ያልገጠመ ይመለሳል እንጂ አይሞረድም።

ደብተሩ ሦስት ገጽ ቀርቶታል። ቀጣዩ ጠንካራ ሽፋን ያለው ይሁን ብላለች፤ ክረምት ላይ ዝናብ ያገኘዋል።