መድኃኒቱን ከማስረከባችን በፊት እንጠይቅ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከመተማ ቆላ እስከ ስሜን ተራሮች ያለውን ሕዝብ ያክማል። ኢንሱሊን ይዞ ወደ መተማ የሚመለሰው ሰው ጠላቱ ሙቀት ነው። ወደ ጃናሞራ ወይም ወደ በየዳ የምትመለሰው እናት ግን የምትጠነቀቀው ከሌሊቱ ውርጭ ነው፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል እንጂ አይወጋም። ለሁለቱም «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ብሎ መሸኘት ደገኛዋን ለጉዳት መዳረግ ነው። «እናቴ፣ አገርዎ የት ነው? ማታ የት ያስቀምጡታል?» ብሎ የጠየቀ ፋርማሲስት ግን ለእሷ የሚሆነውን ይነግራታል።

ስለ በሽተኛ ተሳትፎ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ፎርም ማስፈረም ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። በሽተኛ ስለ መድኃኒቱ ሁልጊዜም ይወስናል። የሚወስነው ግን ቤቱ ገብቶ፣ ከባለቤቱ፣ ከነፍስ አባቱና ከኪሱ ጋር ተማክሮ ነው፤ እኛ ፋርማሲስቶች በሌለንበት። እኛ ፊት «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፊት «ይሄ አይሆነኝም» ማለት ለአንድ የዳባት ወይም የደባርቅ ገበሬ ነውር ነው። ስለዚህ ቀድመን መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።

በእኛ አገር ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያትም አሉ። ደፍረስ የሚለው ኤንፒኤች ኢንሱሊን ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው፣ መድኃኒቱ የሚበረታበት በባዶ ሆዱ ነው። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህን የፈራ ሌላው ደግሞ ኢንሱሊኑን ጨርሶ ይተወዋል፤ እሱም ሕይወት ያስከፍላል። «አይጹሙ» ብሎ መገሠጽ በሽተኛውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ጾሙን አያስተወውም። «ጾሙን እንዴት አስበውታል? ነፍስ አባትዎን አማክረዋል?» ሲባል ግን ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው መንገድ አላት። መጾሙ ካልቀረ ሰዓቱና መጠኑ እንዲስተካከል ፋርማሲስቱ ለሐኪሙ ይደውላል። የግፊት ኪኒንም ቢሆን በቀን አንዴ ማታ የሚወሰድ ሊሆን ይችላል።

ጠበልም እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለስንት ሰው ሕይወት የደረሰ ቃል እንደሆነ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ጠበል ለመግባት ያሰበ በሽተኛ ሳይፈራ እንዲነግረን ማድረግ ግን የእኛ ፋንታ ነው።

የበሽተኛን ምርጫ ማክበር አገራችን ውስጥ የሚቻል መሆኑን የኤችአይቪ ሕክምናው አሳይቶናል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጤናው የተረጋጋ ሰው ፈቃደኛ ከሆነ የ6 ወር መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። ካልፈለገ ቀጠሮው ባጭሩ ይቀጥላል። ሙሉ ቀን በእግር ተጉዞ መኪና መንገድ ለሚደርስ ደገኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የስኳርና የግፊት በሽተኛስ ለምን አይጠየቅም?

ገንዘብንም ደፍረን እናንሣ። የታዘዘው ከሆስፒታል ጠፍቶ ከግል መድኃኒት ቤት የሚገዛ ሰው ብሩ ካልበቃው ግማሹን ፍሬ ይገዛል፣ ወይም የረከሰውን ብቻ ወስዶ ዋናውን ይተዋል። የትኛው መቅረት እንደሌለበት የምናውቀው እኛ ነን፤ ረከስ ያለ ተመሳሳይ እንዳለም እንዲሁ።

ሰልፉ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። መድኃኒት አዲስ ለተጀመረለትና ከዋርድ ለሚወጣው ሰው ግን ሁለት ሦስት ጥያቄ አይበዛም። አስታማሚውም ይጠራ፤ ቤት ሲገቡ ሰዓቱን የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አንባቢዬም፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ጾመኛ ከሆኑ፣ ጠበል ካሰቡ፣ ብር ካጠረዎ መድኃኒቱን ከመቀበልዎ በፊት ይንገሩን። የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጨምረው ይዘው ይምጡ። ማንም ሊቆጣዎ አይገባም።