መዶሻና ላባ

ያኔ ጠቅላላ ዕውቀት የምንሰበስበው ከአፍ ነበር። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሚኒ ሚዲያው ጥያቄ ሲወረውር መልሱን ቀድሞ የጮኸ ልጅ እስከ ዕረፍት ሰዓት ንጉሥ ነው! ክርክር ከተነሳ ደግሞ «ሬድዮ ላይ ሰምቼ ነው» ከተባለ አለቀ፤ ማን ያጣራል? እኔ የሰማሁትን ሁሉ የምገለብጥበት ደብተር ነበረኝ፤ ከሒሳብ ደብተሬ ይልቅ እሱን ነበር የምሸፍነው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የክሊዮፓትራ ነበር። ታላቁ የጊዛ ፒራሚድ ያለቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 አካባቢ ነው። እሷ የሞተችው በ30 ዓመተ ዓለም። ሰው ጨረቃ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969። ደምሩት እስቲ! ንግሥቲቱ ከፒራሚዱ ግንበኞች ይልቅ ለነአርምስትሮንግ ትቀርባለች፤ ያውም በ500 ዓመት ገደማ። ዛሬም ስደምረው ደስታው ያው ነው።

የፊዚክስ መምህራችን ግን ልባችንን የከፈሉት በመዶሻና በላባ ነው። «አየር ባይኖር እኩል ይወድቃሉ» አሉን። ዳስተርና ወረቀት ይዘው ለቀቁ፤ ዳስተሩ ጧ አለ፣ ወረቀቱ እየተንሳፈፈ አንደኛው ወንበር ሥር ገባ። ሳቅን። ያንኑ ወረቀት ጨምድደው እንደገና ለቀቁ፤ አብረው ዱብ! ክፍሉ ጸጥ አለ። ክብደቱ አልተለወጠም እኮ፣ አየሩን የሚገፋበት ስፋት ብቻ ነው የጠበበው።

አሁን ግን ዋናው ራሱ በእጄ ስልክ ላይ አለ! እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1971 የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ በቀኝ እጁ መዶሻ፣ በግራው የጭልፊት ላባ ይዞ ይታያል። መዶሻው 1.3 ኪሎ ገደማ፣ ላባው 30 ግራም። ለቀቃቸው። የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ቀስ ብለው፣ ሰው ልብ ብሎ እንዲያያቸው ሆነው ይወርዳሉ፤ እኩል አፈሩን ይነካሉ። ስኮት ጋሊሊዮ ልክ እንደነበር ተናገረ። እኔም ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስደርስ አጨበጭባለሁ።

«ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብለን የሸመደድነውስ? ዛሬ አዲስ አበባ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ በሚንተከተክ ድስት ቴርሞሜትር ስነክር 92 አካባቢ ይቆማል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናትና የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃው ሳይቸገር ይፈላል። ሽምብራ ደጋ ላይ አልበስል የሚለው ለካ በዚህ ነው!

ሰሞኑን የስኮትን ቪዲዮ ከእህቴ ልጅ ጋር አየነው። «ጋሼ፣ ጨረቃ ሁሌም እዚያው ናት?» አለችኝ። ምን የመሰለ ጥያቄ! እነስኮት 300 ፕሪዝም ያለው የብርሃን መስተዋት እዚያ ትተው መጥተዋል። ከምድር የሌዘር ጨረር ይተኮስበታል፤ በ2.5 ሰከንድ ገደማ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ሲለካ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሳንቲሜትር ትርቀናለች። መዶሻው ከወደቀ ወዲህ ከ2 ሜትር በላይ ሸሽታለች አልኳት። ሮጣ ሜትር አመጣች፣ ግድግዳው ላይ ለካች፣ አባቷንም ጎትታ ከጎኑ አቆመችው፤ ጨረቃ በለጠችው!