አምስት ቀን የዘገየች ወረቀት

ከአገር ወደ አገር መሻገር ለሰው ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን እግራቸውን ተማምነው እስከ ኢየሩሳሌም ተጉዘዋል፤ ነጋዴውም አጋሰሱን እየነዳ ወር ሙሉ በመንገድ ሲያድር ኖሯል። በዚያ ዘመን መንገደኛውን የሚያስቀረው የወንዝ ሙላት፣ የሽፍታ ብዛት ወይም የስንቅ ማለቅ ነበር። ስንቁ ተሰናድቶ ሳለ በአንዲት ወረቀት ላይ የተጻፈች ቀን ብቻዋን አንድን ቤተ ሰብ ልታስቀር እንደምትችል ግን በ2012 ዓ.ም. በራሳችን ላይ አየሁ። ዛሬም ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ወይም ልጆቻቸውን ለመስደድ የሚሰናዱ ብዙ ቤቶች ስላሉ፣ በመሄድና በመቅረት መካከል ያለው ጊዜ ምን እንደሚመስል ለአንባብያን ለመግለጥ ወደድሁ።

ባለቤቴ ነርስ ነው፤ እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ እተዳደር ነበር። ሁለት ልጆች አሉን፤ ያን ጊዜ ታላቁ የ9፣ ታናሺቱ የ6 ዓመት ልጆች ነበሩ። ካናዳ የሌላ አገር ሰዎችን ዕድሜያቸውን፣ ትምህርታቸውን፣ የሥራ ልምዳቸውንና የቋንቋ ችሎታቸውን በነጥብ እየመዘነች በቋሚ ነዋሪነት የምትቀበልበት ሥርዓት አላት፤ እኛም በዚሁ አመለከትን። ታዲያ የሚመዘነው ዕውቀት ብቻ አይደለም። ቤተ ሰቡ እዚያ ደርሶ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ የሚተዳደርበት ገንዘብ ያለው መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ይህም ለአራት ሰው በዚያ ዓመት ከ24,000 የካናዳ ዶላር በላይ ነበር፤ የብድር ገንዘብም አይቈጠርም። ስለዚህ ዓመታት የከፈልንበትን የኮንዶሚኒየም ቤታችንን ሸጥን።

በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. «ፓስፖርታችሁን ላኩ» የሚል መልእክት ደረሰን። በዚህ መንገድ ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው ይህ ማለት ጥያቄው ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው። ሁለታችንም ሥራችንን ለቀቅን፤ ዕቃችን ተሸጠ፤ ከዕድራችንም በምስጋና ተሰናበትን። የሥራ ጓደኞቻችን ግብዣ አድርገው ሸኙን፤ ለመታሰቢያም ረከቦት ከነሲኒው ሰጡን። የቀሩትን ጥቂት ሳምንታት ቀበና ከሚገኘው ከእናቴ ቤት ለማሳለፍ ስምንት ሻንጣ ይዘን ገባን፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት፣ እያንዳንዱም 23 ኪሎ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ጋቢው፣ የልጆቹ አዲስ ልብስና ጫማ ሁሉ በሚዛን ተለክቶ ገብቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ በ7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ በ30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። ካናዳም መጋቢት 9 ቀን፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ማርች 18 ቀን 2020 መሆኑ ነው፣ ከጥቂቶች በቀር ለውጭ አገር ሰዎች በሯን ዘጋች። ከጥቂት ቀናት በኋላ እስከዚያች ዕለት ድረስ የቋሚ ነዋሪነት ጥያቄያቸው የጸደቀላቸው ሰዎች እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ከዚያች ዕለት ወዲህ የጸደቀላቸው ግን እንዲቈዩ ሆነ። የእኛ ወረቀት የተጻፈችው መጋቢት 14 ቀን ነበር።

በዚህ የማማርረው ሰው የለም። ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ መንግሥታት ሁሉ መስመር ያሰምራሉ፤ መስመሩም በአንድ ሰው ደጃፍ ማለፉ አይቀርም። ሆኖም ቋሚ ነዋሪነት የሚባለው ነገር እንግዳ ጠባይ እንዳለው ያን ጊዜ አስተዋልሁ። ወረቀቷ ተፈቅዶላችኋል ትላለች፤ ፈቃዱ የሚጸናው ግን ባለ ወረቀቱ በአካል ደርሶ በድንበር ሹም ፊት ሲፈርም ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው የዚያ አገር ነዋሪ አይደለም፤ የዚህም አገር ኑሮው ተሸጧል። ከዚህም ሌላ ወረቀቷ የምትሻርበት ቀን ተቈርጦላታል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ የሕክምና ምርመራ ከተደረገ አንድ ዓመት ሲሞላው ነው። እኛ የተመረመርነው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ስለ ነበር እስከሚመጣው ኅዳር ካልገባን ከንቱ ትሆናለች።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ነበር። ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ተነግሮ ስለ ነበር ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተልን። እናቴ ነጠላቸውን አጣፍተው በሳሎኑ መካከል ቆሙ፤ እኛ ተቀምጠን ብናይ ዞር ብለው «ተነሡ እንጂ፣ ምን ዐይነት ማስቀደስ ነው ይህ?» አሉን። ታናሺቱ ልጄ እንኳ በእንቅልፍ ዐይኗ ቆማ አነጋች።

ከበሽታው ይልቅ እኔን ያደከመኝ የሰው ጥያቄ ነበር። በግብዣ የተሸኘ ሰው ሳይሄድ መገኘቱ ለሸኚውም ለተሸኚውም ያሳፍራል። በዳቦ ቤቱ ደጃፍም ሆነ በጎረቤት አጥር ሥር «እንዴ፣ አልሄዳችሁም?» እንባላለን። ባለቤቴ የአፍ መሸፈኛውን እስከ ዐይኑ ሥር ከፍ አድርጎ በማለዳ ብቻ ይወጣ ጀመር።

ገንዘባችንም በባንክ ተቀምጦ ሳለ በሁለት መንገድ አለቀ፤ እየበላነውም፣ ሳንነካውም። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 32 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ከ44 ብር በላይ ሆነ። የቤታችን ዋጋ ሌባ ሳያየው ከሩቡ በላይ ተነነ ማለት ነው። ባለቤቴ «ይቅርብን፣ ሥራ ልፈልግ» ይላል፤ እኔ «የጀመርነውን እንዴት እንተወዋለን? ትንሽ እንታገሥ» እላለሁ። በማግስቱ ደግሞ እኔ «ይቅርብን» ስል እርሱ «እንታገሥ» ይላል። በእውነቱ ሁለታችንም የምንወስነው ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ የቀረን መጣላት ብቻ ሆነ። ዐሥራ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር እንደዚያ ሰሞን ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን እናቴ ወደምናድርበት ክፍል ገቡ። ሻንጣዎቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ ልጆቹ ሁለቱን አጋድመው እንደ ጠረጴዛ ይጽፉባቸዋል። በአምስት ወር ውስጥ ከውስጣቸው የወጣ አንዳች ነገር አልነበረም። ልጆቼ የሚለብሱት ለመንገድ ያልተመረጠውን አሮጌ ልብስ ነበር፤ እኛም ብርድ ልብስ ተውሰን እንተኛ ነበር። እናቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ባለቤቴን «ይህን ሁሉ ፍታው፣ ልጄ» አሉት።

«እማማ፣ ምናልባት በሚመጣው ወር ከጠሩን…»

«በሚመጣው ወር ከጠሩህ በሚመጣው ወር መልሰህ ታስረዋለህ። በርበሬው ሳይነቅዝ ይበላ፤ ልጁም ጫማው ሳይጠበው ያድርገው።»

ሻንጣዎቹን ያን ዕለት ፈታናቸው። ጋቢው በአልጋችን ላይ ተነጠፈ፤ በረከቦቱም ቡና ተፈላበት። ለካናዳ የተገዛው የልጄ ጫማ ግን ሲለካ አልገባ አለ፤ ለእኅቱም ገና ሰፊ ነበር። እናቴ ጫማውን አገላብጠው አዩና ምንም ሳይሉ ለጎረቤት ልጅ ሰደዱት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሯችን እንደ ማንኛውም ቤት ኑሮ ሆነ። ትምህርት ቤቶች ዘግይተው ሲከፈቱ ልጆቹ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተመዘገቡ። የእናቴ ዕድርም በአባልነት ተቀበለን፤ አንዱ «የሚሄዱ ሰዎች ናቸው» ብሎ ቢቃወም ሰብሳቢው «ታዲያ ምን አለበት፣ እስኪሄዱ ድረስ ይቅበሩ» አሉ። ሚሌኒየም አዳራሽ ያን ጊዜ የኮቪድ ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ ነበርና ባለቤቴ በኮንትራት ተቀጥሮ እዚያ ገባ። ለሳምንታት ከቤት ርቆ ስለሚቈይ ልጆቹ የሚያዩት በስልክ ብቻ ነበር። እኔ በየማታው እፈራለሁ፤ ሆኖም ደመወዙ ያቺን የቀረች ገንዘብ ከመበላት አዳናት፤ እርሱም ከሰው ዐይን መሸሽን ተወ። ከሥራው ተመልሶ አልጋ ይዘው የከረሙ ሰዎች በእግራቸው ቆመው መውጣታቸውን ሲነግረን ድምፁ ቀድሞ የማውቀው ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. የወረቀቷ ጊዜ አለፈ። በዚያው ሰሞን በአገራችን ሰሜን ጦርነት ተነሥቶ ስለ ነበር፣ በስንቱ ሰው ሐዘን ፊት የእኛን ወረቀት ማንሣት ነውር መሰለን፤ ቀኗን ለማንም ሳንናገር አሳለፍናት።

በግንቦት ወር «አሁንም መምጣት ትፈልጋላችሁን?» የሚል መልእክት በኢሜይል መጣ። ያን ማታ አልተጣላንም፤ የሚወሰን ነገር ነበረና። ልጆቹን አስበን እሺ አልን ብል እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። የሸጥነውን ቤት መልሰን የምንገዛበት አቅም አልቀረንም፤ በተረፈችው ገንዘብ ግን የሚጠየቀውን ልክ ለጥቂት እንሞላ ነበር። እንደ ገና ተመረመርን። ሰኔ 14 ቀን ካናዳ ያልተሻረ ወረቀት ላላቸው ሁሉ በሯን ከፈተች፤ የእኛም አዲስ ወረቀት በሐምሌ መጀመሪያ ደረሰች።

የጉዞው ሥርዓት ከጉዞው ይልቅ ያደክም ነበር። በረራው ከመነሣቱ በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ተመርምሮ ከበሽታው ነጻ የሚል ማስረጃ መያዝ፣ አራይቭካን በሚባለው የስልክ መተግበሪያ የሚያርፉበትን ቤት ማስመዝገብ፣ ክትባቱን ጨርሶ ያልወሰደም በራሱ ገንዘብ ሦስት ሌሊት የሚያድርበትን ሆቴል አስቀድሞ መያዝ ነበረበት። ባለቤቴ አንዱን ክትባት ብቻ ወስዶ ሁለተኛውን ሳያገኝ ስለ ቀረ ሁላችንም በአንድ ደንብ ተያዝን።

ሐምሌ 20 ቀን ከእናቴ ግቢ ወጣን። እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ በጥንቃቄያቸው የታወቁ ነበሩ፤ ጎረቤትን እንኳ በክንድ ነበር ሰላም የሚሉት። በዕለቱ ግን መሸፈኛቸውን አውልቀው ልጆቹን አገላብጠው ሳሟቸው። የምርመራው ወረቀት ቀድሞ ስለ ወጣ ማንም አልተናገራቸውም። እስከ በሩ ሸኙን፤ ከበሩ ግን አላለፉም፤ ምጣዱ በእሳት ላይ ነው ብለው ተመለሱ።

በቶሮንቶ አውሮፕላን ማረፊያ የድንበሩ ሹም ከመስተዋት ወዲያ ሆኖ ጥቂት ጥያቄ ጠየቀን፤ አስፈረመን፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ አለን። ዐሥራ ስድስት ወር ያህል የጠበቅነው ነገር ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ እንደ ገና አፍንጫችን ተመረመረና ወደ ሆቴሉ ሄድን፤ ከሆቴሉም የአክስቴ ልጅ ወደ ተከራየችልን ምድር ቤት አለፍን። ያን ጊዜ ወሸባ የተባለው ዐሥራ አራት ቀን እስኪሞላ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ ማለት አልነበረም፤ መኖራችንን ለማረጋገጥ በስልክ ይደወልልን ነበር።

የምድር ቤቱ መስኮት ከመሬት እኩል ስለ ነበረ ልጆቼ ካናዳን መጀመሪያ ያዩዋት በጫማ ነው። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሚያልፈውን እግር ይቈጥሩ ነበር፤ የውሻው እግር ለብቻ ይቈጠራል። በበጋ እዚያ ፀሓይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነውና «ሳይመሽ አንተኛም» እያሉ ያስቸግሩኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ እንጀራውን በደጃፉ አስቀምጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆማ በስልክ ትደውላለች፤ እኛም በመስኮቱ ጫማዋን እያየን እናነጋግራታለን። ሻንጣዎቹን ግን በደረስን ዕለት ማታ ነበር የፈታናቸው። ባለቤቴ ማንም ሳያዝዘው ቀበቷቸውን ይፈታ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ያለው የብዙ ስደተኛ ቤት ታሪክ ስለ ሆነ አላስረዝመውም። ባለቤቴ ሙያውን በዚያ አገር ፈተና እስኪያስመሰክር ሁለት ዓመት ያህል በመጋዘን ዕቃ ሲያነሣ ኖረ፤ አሁን ወደ ሙያው ተመልሷል። የቋሚ ነዋሪነት ካርዳችን በፖስታ በመጣ ጊዜ ለእናቴ በስልክ አሳየኋቸው፤ ሕጉንም አስረዳኋቸው። ቋሚ ነዋሪነቱ እንዲጸና ሰው በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን በአገሩ ላይ መገኘት አለበት። እናቴ ቈጠራ ይወዳሉ፤ ጥቂት አሰቡና «ሁለት ዓመት መሆኑ አይደለም?» አሉ።

«አዎን፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ሦስቱ ዓመት የእኔ ነው።»

በ2016 ዓ.ም. ለፋሲካ ልጆቹን ይዘን ሄደን ነበር። እስከ ዛሬ የከፈልናቸው አርባ ቀን ብቻ ነው።